ባሩድ ይመዘናል እንጂ አይሞላም፦ ጥይትን በቤት መልሶ የማዘጋጀት ደኅንነትና የቃላቱ ታሪክ

1. መነሻ

አማርኛ በጠመንጃ ነገር ከእንግሊዝኛ ይልቅ ጥንቁቅ የሆነበት አንድ ቦታ አለ። ተኳሽ ጥይቱን ወደ ጠመንጃው ሲያስገባ «አጎረሰ» እንላለን፤ ጠመንጃው እንደ ሰው አፍ አለውና ይጎርሳል። የተተኮሰ ቀለሃ ተሰብስቦ አዲስ መለኮሻ፣ አዲስ ባሩድና አዲስ አረር ሲገባለት ግን «ተሞላ» እንላለን። እንግሊዝኛ ሁለቱንም ተግባር «ሪሎድ» በሚል አንድ ግሥ ይጠራል፤ ስለዚህም የሙያው ሰዎች ሁለተኛውን ለመለየት «ሃንድሎዲንግ»፣ ማለትም በእጅ መሙላት፣ የሚል ሌላ ስም ማውጣት አስፈልጓቸዋል።

ይሁን እንጂ ይኸው የአማርኛ ግሥ ራሱ አደጋ ያዘለ ነው። መሙላት ማለት ዕቃው ጢም እስኪል ድረስ መጨመር ነው፤ እንስራ ይሞላል፣ ጎተራ ይሞላል። ለጀማሪ «ቀለሃውን በባሩድ ሙላው» ብሎ የሚያስተምር ሰው በ1870ዎቹ ቢሆን ኖሮ ትክክለኛ ትምህርት በሰጠ ነበር። ዛሬ ቢሆን ግን ተማሪውን ዓይኑን ወይም እጁን ሊያሳጣው ይችላል። ግሡ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ባሩዱ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ በዚህ ምሳሌ ውስጥ አለ። ጥይትን በቤት መልሶ ማዘጋጀት ከ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ጀምሮ በተለይ በአሜሪካ የተስፋፋ ሙያ ነው። ለጀማሪዎች የሚሰጡት የደኅንነት ደንቦች አንድ በአንድ ሲመረመሩ፣ ብዙዎቹ ነገሩ ተለውጦ ስሙ ሳይለወጥ በመቅረቱ ከደረሰ ጉዳት የተገኙ ናቸው። ስለዚህ የደንቦቹ ታሪክ የኬሚስትሪ ታሪክ ብቻ ሳይሆን የትርጉም ለውጥ ታሪክም ነው፤ የቋንቋ ተመራማሪን የሚመለከተውም በዚህ በኩል ነው። ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተገለጸ በቀር፣ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. ባሩድ፦ ስሙ ጸንቶ ነገሩ የተለወጠ

«ባሩድ» ወደ አማርኛ የገባው ከዐረብኛ ነው። በዐረብኛም ቢሆን ቃሉ በመጀመሪያ የሚያመለክተው ዛሬ የምናውቀውን ነገር አልነበረም። የአንዳሉስ ተወላጅ የነበረውና በ1248 ደማስቆ ውስጥ የሞተው የመድኃኒት ዕፀዋት ሊቅ ኢብን አል በይጣር ቃሉን የሚያውቀው የአንድ ጨው ስም አድርጎ ነው። ይህም በድንጋይና በአሮጌ ግድግዳ ላይ እንደ አመዳይ የሚያብበው ነጭ ጨው ሲሆን፣ የቀድሞ የግብፅ ሐኪሞች «የቻይና በረዶ» ይሉት እንደ ነበር ጽፏል። በኋላ ይህ ጨው ከድኝና ከከሰል ጋር ተቀላቅሎ የሚፈነዳ ዱቄት ሲሆን፣ የአንዱ ቅመም ስም ወደ ድብልቁ ተሻገረ። የቃሉ የመጀመሪያ ለውጥ ይህ ነው።

የ«ነፍጥ»ም ታሪክ ተመሳሳይ ነው። በዐረብኛ ቃሉ ከመሬት የሚወጣውን ዘይት፣ ከዚያም በጦርነት በጠላት ላይ የሚወረወረውን የዘይት እሳት ያመለክት ነበር። በማምሉኮች ዘመን ደግሞ የባሩድና በባሩድ የሚተኮስ መሣሪያ ስም ሆነ። አማርኛ የተቀበለው የመጨረሻውን ደረጃ ነው። ነፍጥ መሣሪያው፣ ነፍጠኛ ባለመሣሪያው ሆነ፤ ይህም ስም ከሙያ መጠሪያነት አልፎ ማኅበራዊና ፖለቲካዊ ትርጉም ያዘ። ከዘይት ተነሥቶ እስከ ሰው የደረሰ ቃል ነው።

በአካባቢያችን የእሳት መሣሪያ ጎልቶ የታየው በ16ኛው መቶ ዓመት ነው። የኢማም አሕመድ ሠራዊት ጠመንጃ ነበረው። በ1541ም በክሪስቶቮ ዳ ጋማ የሚመሩ 400 ያህል ፖርቱጋሎች ጠመንጃ ይዘው በምጽዋ በኩል ገቡ። ለመሣሪያ ስም በማውጣት ረገድ አማርኛ የበለጠ የበለጸገው ግን በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ከፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» ውጅግራ፣ ከማንሊኸር ምንሽር፣ ከስናይደር ሰናድር፣ ከሚትራዬዝ መትረየስ ተገኙ። በዚህ ጊዜ የሠሪው ወይም የፈልሳፊው ስም የመሣሪያው ዓይነት ስም እየሆነ፣ በአማርኛ ድምፅ ተቃኝቶ ከቀረርቶና ከፉከራ ቃላት ጋር ተዋሐደ።

አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ለጠመንጃው በየዓይነቱ ስም ያወጣው ቋንቋ ለባሩዱ አንድ ስም ብቻ ተወለት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጠመንጃ ይታያል፣ ይለካል፣ ይሸለማል፤ ባሩዱ ግን በቀለሃው ውስጥ ተሸፍኖ የሚመጣ ነው። ጥይት በብዙ ገበያ እንደ ገንዘብ ይመነዘር በነበረበት ዘመን እንኳ፣ ገበያተኛው የሚቆጥረው ጥይቱን እንጂ በውስጡ ያለውን ዱቄት አልነበረም።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይዘውት የተሰለፉት ውጅግራ በ1874 በፈረንሳይ ሠራዊት የተመረጠ፣ የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊሜትር የሆነ፣ በጥቁር ባሩድ የሚተኩስ ጠመንጃ ነበር። በዚያን ጊዜ ግን በፈረንሳይ ነገሩ አስቀድሞ ተለውጦ ነበር። ኬሚስቱ ፖል ቪዬይ በ1884 ከጥቁሩ ዱቄት ጋር በቅመም የማይገናኝ፣ ጢሱ እጅግ ያነሰ አዲስ ባሩድ ሠራ። በ1886 የወጣው የሌበል ጠመንጃ በዚህ ባሩድ የሚተኩስ ነበር። የሌበልን ጥይት የሠሩት ሰዎች መነሻ ያደረጉት የውጅግራን ቀለሃ ነው፤ አንገቱን ወደ 8 ሚሊሜትር አጥብበው አዲሱን ባሩድ አገቡበት። ሁለቱ ጥይቶች በመልክ ዘመዳሞች ናቸው፤ በውስጣቸው ያለው ኃይል ግን የተለያየ ነው። ያም ሆኖ በፈረንሳይኛም፣ በእንግሊዝኛም፣ በዐረብኛም፣ በአማርኛም ሁለቱም ዱቄቶች በአንድ ስም መጠራታቸውን ቀጠሉ። የ«ባሩድ» ሁለተኛ የትርጉም ለውጥ ይህ ነው።

ለአዲሱ ነገር የወጣው ቅጽልም አልረዳም። በፈረንሳይኛም ሆነ በእንግሊዝኛ «ጢስ የሌለው ባሩድ» ተባለ። ስሙ የተሰጠው ለወታደር ዓይን ከሚታየው ነገር፣ ከጢሱ መጥፋት ተነሥቶ ነው። ለሚሞላው ሰው የሚያስፈልገው እውቀት ግን ሌላ ነበር፦ አዲሱ ባሩድ በትንሽ ቦታ እጅግ ከፍተኛ ግፊት የሚያመነጭ መሆኑ። ስሙ የጎደለውን ተናግሮ የጨመረውን ሳይናገር ቀረ።

3. ከመስፈር ወደ መመዘን

በአሜሪካ ጥይትን በቤት የማዘጋጀት ልማድ የተወለደው በጥቁር ባሩድ ዘመን ነው። በ1870ዎቹ በሜዳው አገር የዱር ጎሽ የሚያድኑ ሰዎች ቀን የተኮሱትን ቀለሃ ሰብስበው ማታ በሰፈራቸው እሳት አጠገብ መልሰው ይሞሉት ነበር። በ1884 ጆን ባርሎው በኮኔቲከት ግዛት ኒው ሄቨን ከተማ አይዲል የተባለውን ድርጅት አቁሞ፣ እንደ ጉጠት በእጅ የሚጨበጥ የመሙያ መሣሪያ መሸጥ ጀመረ። ከመሣሪያውም ጋር የአሠራር መመሪያ መጽሐፍ ያሳትም ነበር። ድርጅቱ በ1910 ወደ ማርሊን፣ በ1925 ወደ ላይማን ቢዛወርም መጽሐፉ መታተሙን አላቋረጠም። ስለዚህ ሙያው ከጅምሩ ከጽሑፍ ጋር የተቆራኘ፣ ከአባት ወደ ልጅ ብቻ ሳይሆን ከገጽ ወደ እጅ የሚተላለፍ ነበር ማለት ይቻላል።

የጥቁር ባሩድ ዋና ደንብ «ሙላው» የሚል ነበር። ዱቄቱ የሚለካው በስፍር ነው፤ በአረሩና በዱቄቱ መካከል ክፍት ቦታ መቅረት የለበትም፤ ቢቀር አፈሙዙን ሊጎዳ ይችላል። እንዲህ ያለው ደንብ ለጀማሪ ምቹ ነው፤ ቀለሃው ራሱ መስፈሪያ ሆኖ ያገለግላልና። የቀለሃው ስፋት የሚችለውን ያህል ከወሰደ በኋላ በስሕተት እጥፍ መጨመር አይቻልም፤ ከአፉ ይፈሳል።

በአዲሱ ባሩድ ይህ ሁሉ ተገለበጠ። በብዙ ጥይቶች ትክክለኛው መጠን የቀለሃውን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ቀለሃው መስፈሪያ መሆኑ ቀረ። እንዲያውም የተረፈው ባዶ ቦታ ወጥመድ ሆነ፤ ሐሳቡ የተከፈለ ጀማሪ በአንዱ ቀለሃ ሁለት ጊዜ ባሩድ ቢጨምር ከውጭ የሚታይ ምልክት የለም። ዛሬ ለጀማሪ ከሚነገሩት ደንቦች መካከል የመጀመሪያው የመጣው ከዚህ ነው። ባሩድ የገባባቸው ቀለሃዎች በሙሉ በማቆሚያ ላይ በረድፍ ይደረደራሉ፤ አረር ከመግባቱ በፊት በደማቅ ብርሃን የእያንዳንዱ ውስጥ ይታያል፤ ከጓደኞቹ ከፍ ወይም ዝቅ ያለበት ቀለሃ ካለ ይፈሳል፣ እንደ ገና ይመዘናል። በሥራው መካከል የተጠራ፣ ስልክ የመጣለት ወይም ያመነታ ሰው ካቆመበት አይቀጥልም፤ የጀመረውን አፍስሶ ከመነሻው ይጀምራል።

ሽግግሩን ይበልጥ አደገኛ ያደረገው የመለኪያ ስም ነው። የወፍ ማደኛ ጠመንጃ ጥይት ኃይል በጥቁር ባሩድ ዘመን በ«ድራም» ይነገር ነበር፤ አንድ ድራም የአንድ አውንስ አንድ ዐሥራ ስድስተኛ፣ ማለትም 1.77 ግራም ያህል ነው። «የሦስት ድራም ጥይት» ማለት ሦስት ድራም ጥቁር ባሩድ የያዘ ጥይት ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ጢስ አልባ ባሩዶች አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ የፕሩሲያው መኰንን ሹልትዘ የሠራው ዓይነት፣ በአሮጌው መስፈሪያ ቢሰፈሩም ተመሳሳይ ኃይል እንዲሰጡ ሆነው የተዘጋጁ ነበሩ። በ1887 አልፍሬድ ኖቤል እንደ ሠራው ባሊስታይት ያሉት እፍግ ባሩዶች ግን በዚያው መስፈሪያ ቢሰፈሩ ከሚገባው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ኃይል ያወጣሉ። በአሮጌው መስፈሪያ የሰፈረ ሰው ጠመንጃውን በእጁ ላይ አፈነዳ።

ፋብሪካዎች ይህን ለማስታረቅ «ድራም አቻ» የሚል መግለጫ አወጡ። ትርጉሙም «ይህ ጥይት ይህን ያህል ድራም ጥቁር ባሩድ ከያዘው የቀድሞ ጥይት ጋር እኩል ፍጥነት ይሰጣል» ማለት ነው እንጂ በውስጡ ያለውን የባሩድ ክብደት አይናገርም። ይህ አነጋገር ጥቁር ባሩድ ከተራው ገበያ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ በኋላም በጥይት ሣጥኖች ላይ ይታያል። ለቋንቋ ሰው ይህ ያልተለመደ ምሳሌ ነው። የተነጻጸረው ነገር ጠፍቶ ንጽጽሩ ብቻ ቀርቷል፤ «አቻ» የምትለውን ቃል የዘለለ ጀማሪም ንጽጽሩን እንደ ክብደት ያነባል። ሙያው ያወጣው መፍትሔ ስፍርን በሚዛን መተካትና በታተመ ሠንጠረዥ መመራት ነው። የታወቁ መመሪያዎች ለእያንዳንዱ አረርና ባሩድ መነሻና ከፍተኛ መጠን ያስቀምጣሉ፤ ጀማሪ የሚጀምረው ከመነሻው እንጂ ከጣሪያው አይደለም። በአማርኛ ሲነገር፣ መስፈር የሚለው ግሥ ለእህል፣ መመዘን የሚለው ለወርቅ ነበረ፤ አዲሱ ባሩድ ከእህል ተራ ወጥቶ ወደ ወርቅ ተራ ገብቷል።

4. ግሬን፣ ግራም፣ ቅንጣት፦ ስለ ተመሳሳይ ስሞች

ባሩድ በአሜሪካ የሚመዘነው በ«ግሬን» ነው። በአንድ ፓውንድ ውስጥ 7,000 ግሬን አለ፤ አንድ ግራም ደግሞ 15.43 ግሬን ያህል ነው። የግሬን ስም የመጣው ከእህል ፍሬ ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ ቃሉ ዛሬም ፍሬን ወይም ቅንጣትን ያመለክታል። ጢስ አልባ ባሩድ ራሱ ደግሞ ቅንጣት ቅንጣት ሆኖ የሚሠራ ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ያዘ፦ የሚታየው የባሩድ ቅንጣትና የማይታየው የክብደት መለኪያ።

ይህ ጉዳይ ተርጓሚውን በሁለት አቅጣጫ ይፈትነዋል። መለኪያውን «ቅንጣት» ብሎ ቢተረጉመው፣ ጀማሪው «አርባ ቅንጣት» ሲባል ቅንጣቶቹን ይቈጥራል ወይም ግራ ይጋባል። እንዳለ «ግሬን» ብሎ ቢተወው ደግሞ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ በግራም ለሚመዝን አማርኛ ተናጋሪ «ግራም» ብሎ ማንበብ ቀላል ነው። ብዙ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ሚዛኖች ሁለቱንም መለኪያ ስለሚያሳዩ፣ ስሕተቱ የዓይን ብቻ ሳይሆን የእጅም ሊሆን ይችላል፤ የስሕተቱም መጠን ከ15 እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሚዛኑን ክብደቱ በታወቀ መፈተኛ ይፈትናል፤ የመለኪያውንም ስም ጮኽ ብሎ ያነባል።

ተመሳሳይ ስም ያስከተለው ሌላው አደጋ በባሩዶቹ የንግድ ስሞች ላይ ይታያል። ከ2ኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሙያው በአሜሪካ በእጅጉ ተስፋፋ። ቀደም ሲል በ1937 የፊሊፕ ሻርፕ ሰፊ የመሙላት መምሪያ ታትሞ ነበር፤ በ1943 ፍሬድ ሃንቲንግተን በካሊፎርኒያ አር.ሲ.ቢ.ኤስ. የተባለውን የመሣሪያ ድርጅት ጀመረ፤ በ1958 ደግሞ ሪቻርድ ሊ በመዶሻ የሚሠራ ርካሽ መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። ብሩስ ሆጅደን የተባለ የካንሳስ ነጋዴ ከጦርነቱ የተረፈውን የመንግሥት ባሩድ ገዝቶ ለሞይዎች ይሸጥ ነበር። ከሸጣቸው አንዱ በቁጥር 4831 ይጠራል። በ1970ዎቹ ሌላ ፋብሪካ በዚያው ቁጥር፣ ከፊቱ ያለው ፊደል ብቻ የተለየ ባሩድ አወጣ። ሁለቱ አንድ አልነበሩም፤ አዲሱ ከቀድሞው ፈጠን ብሎ ይነዳል። በቁጥሩ ብቻ የተመራ ሰው የአንዱን መጠን ለሌላው ሊሰጥ ይችል ነበርና መመሪያዎች ሁለቱን እንዳያቀያይሩ አንባቢዎችን በብርቱ ያስጠነቅቃሉ።

ከዚህ የመጡት ደንቦች አጫጭር ናቸው። በሥራ ጠረጴዛ ላይ በአንድ ጊዜ ከአንድ ዓይነት በላይ ባሩድ አይቀመጥም። ባሩድ ስሙ ከተጻፈበት ከፋብሪካው ዕቃ ወጥቶ በሌላ ዕቃ አይቀመጥም። ስሙ ያልታወቀ ባሩድ በመልኩ ተገምቶ ሥራ ላይ አይውልም፤ ሁለት ባሩድም አይቀላቀልም። ሁሉም በአንድ ቃል ሲጠቃለሉ «ነገርን ከስሙ አትለይ» የሚሉ ናቸው።

5. ጥይትና ብልቶቹ

በአማርኛ «ጥይት» ሁለት ነገር ነው። «ዝናሩ ጥይት ሞልቷል» ስንል ሙሉውን፣ «ጥይቱ ትከሻውን መታው» ስንል ከአፈሙዙ የወጣውን ብቻ ማለታችን ነው። ለተኳሽ ይህ ችግር አይፈጥርም፤ ዐውዱ ይለየዋል። ጥይት ለሚያዘጋጅ ሰው ግን «ጥይቱን በቀለሃው ውስጥ አስገባ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ትርጉም የለሽ ይሆናል። አማርኛ ለዚህ መፍትሔ አለው። በግእዝ ዐረር የሚባለው እርሳስ በአማርኛ አረር ሆኖ የሚወረወረውን ብልት በትክክል ሊሰይም ይችላል። ስለዚህ ጥይት ሙሉው፣ ቀለሃ የነሐሱ ዕቃ፣ አረር የሚወረወረው ብልት፣ መለኮሻ ደግሞ በቀለሃው ግርጌ ያለችው እሳት ሰጪ ቢባሉ፣ አራቱም ከቋንቋው ውስጥ የተገኙ ይሆናሉ።

ከአራቱ ትንሿና ቁጡዋ መለኮሻዋ ናት። በመታ ጊዜ የሚቀጣጠል ቅመም ለተኩስ ማዋል የጀመረው ስኮትላንዳዊው ቄስ አሌክሳንደር ፎርሳይዝ ሲሆን፣ የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1807 ነው። በ1860ዎቹ አጋማሽ ዛሬ ድረስ የምንጠቀምባቸው ሁለት ዓይነት መለኮሻዎች ተፈለሰፉ፤ አንዱ የእንግሊዛዊው ኤድዋርድ ቦክሰር፣ ሁለተኛው የአሜሪካዊው ሃይረም በርዳን ነው። የቦክሰር ዓይነት ቀለሃ በመካከሉ አንድ ቀዳዳ ስላለው ያገለገለችውን መለኮሻ በመርፌ ገፍቶ ማውጣት ቀላል ነው። የበርዳን ግን ቀዳዳዎቹ በጎን በመሆናቸው መርፌው ወደ ነሐሱ ገብቶ ይሰበራል። የሚገርመው የእንግሊዛዊው ዘዴ በአሜሪካ፣ የአሜሪካዊው ደግሞ በአውሮፓና በብዙው ዓለም ሠራዊት ዘንድ መስፋፋቱ ነው። ጥይትን በቤት መሙላት በአሜሪካ ሥር ሊሰድ የቻለበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ለጀማሪም የመጀመሪያው ፍተሻ በብርሃን ወደ ቀለሃው ውስጥ ተመልክቶ ቀዳዳው አንድ ወይም ሁለት መሆኑን ማየት ነው።

መለኮሻን በሚመለከት ያሉት ደንቦች ከባሩድ ይልቅ ጥብቅ ናቸው። ፋብሪካው እያንዳንዷን በየክፍሏ ለያይቶ የሚያሽጋት ያለ ምክንያት አይደለም። በብርጭቆ ወይም በጣሳ በብዛት ተከማችተው ቢቀመጡ፣ የአንዷ መፈንዳት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሊያስነሣ ይችላል። በኃይል አይገፉም፤ በሥራ ላይ መነጽር አይወልቅም። የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ደንብ ቁጥር 495 በመኖሪያ ቤት ሊቀመጥ የሚችለውን የመለኮሻ ብዛት 10,000፣ በፋብሪካው ዕቃ ያለ የጢስ አልባ ባሩድን መጠን ደግሞ 20 ፓውንድ፣ ማለትም 9 ኪሎ ያህል አድርጎ ይወስናል፤ ከዚያ በላይ የሆነ ባሩድ ግንቡ ወፍራም በሆነ የእንጨት ሣጥን መቀመጥ አለበት። የየከተማው ሕግ ከዚህም ሊጠብቅ ይችላል።

እርሳስን የሚመለከተው ጥንቃቄ ድምፅ ስለሌለው ይዘነጋል። አረር በቤት የሚያቀልጥ ሰው በቀለጠው እርሳስ ላይ አንዲት ጠብታ ውኃ ብትወድቅ፣ ውኃው በቅጽበት ወደ እንፋሎትነት ተለውጦ እርሳሱን ወደ ፊቱ ይረጨዋል። ከዚህ የከፋው ግን ቀስ ብሎ የሚመጣው ነው። የእርሳስ ብናኝና ያገለገለ መለኮሻ ጥላሸት በእጅ ወደ አፍ ይሄዳል፤ በልጆች አእምሮ ላይ ደግሞ ጉዳቱ የከፋ ነው። በሥራ ጠረጴዛ ላይ አለመብላት፣ አየር በሚንሸራሸርበት ቦታ መሥራት፣ እጅን በሳሙና መታጠብና ልጆችን ከክፍሉ ማራቅ ከባሩድ ደንቦች እኩል የሚቆጠሩት ስለዚህ ነው።

6. መክሸፍ

በአማርኛ ከጠመንጃ ቋንቋ ወጥተው ወደ ኑሮ ከገቡት ቃላት መካከል «ከሸፈ»ን የሚያህል የለም። ተኩስ ይከሽፋል፤ ዕቅድ ይከሽፋል፤ ሤራ ይከሽፋል። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በ2005 ዓ.ም. ለታተመ የታሪክ መጽሐፋቸው ርእስ እስከ መሆን ደርሷል። በኑሮ ቋንቋ የቃሉ ጥንካሬ ጠቅላይነቱ ነው፤ የታሰበው አልሆነም ማለት ነው። በተኩስ ጠረጴዛ አጠገብ ግን ጠቅላይነቱ ጉዳት ነው። ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሁሉም «ከሸፈ» ይባላሉና።

የመጀመሪያው ቃታ ተስቦ ምንም አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው ቃታ ተስቦ ተኩሱ መዘግየቱ ነው፤ መለኮሻዋ ተመትታ እሳቱ ወደ ባሩዱ ለመድረስ ጊዜ ይወስዳል። በመጀመሪያው ቅጽበት ሁለቱን መለየት አይቻልም። ስለዚህ ተኳሹ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳዞረ ቢያንስ 30 ሰከንድ ይጠብቃል እንጂ ወዲያው ጠመንጃውን አይከፍትም፣ ወደ አፈሙዙም አይመለከትም። ሦስተኛው ከሁሉ የከፋ ነው። ቀለሃው ባሩድ ሳይገባበት ወይም ጥቂት ብቻ ገብቶበት ተዘግቷል፤ መለኮሻዋ ብቻዋን አረሩን ገፍታ አፈሙዙ ውስጥ አጣብቃዋለች። የሚሰማው ድምፅ ደካማ ነው፣ ምቱም ቀላል ነው። ተኳሹ «ከሸፈ» ብሎ ሌላ ጥይት አጉርሶ ቢተኩስ፣ ሁለተኛው አረር መውጫ አጥቶ አፈሙዙ ይፈነዳል።

እዚህ ላይ ቃሉና ሥራው እንዴት እንደሚያያዙ በግልጽ ይታያል። «ከሸፈ» የሚለው ቃል በአድማጩ አእምሮ «ምንም አልሆነም፤ ድገመው» የሚል መልእክት ያሳድራል። ለመጀመሪያው ዓይነት ከጥበቃ በኋላ ይህ ብዙም አይጎዳ ይሆናል፤ ለሁለተኛው አደገኛ ነው፤ ለሦስተኛው ሞት ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛ ለሦስቱም የተለያየ ስም ስላለው ደንቡ ከስሙ ጋር ይማራል። ለአማርኛው «ከሸፈ»፣ «ዘገየ» እና «ተቀረቀረ» የሚሉ ሦስት ግሦችን መለየት በቂ ነው። ሁሉም የታወቁ ቃላት ናቸው፤ አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አንዱ ቃል የሦስቱን ሥራ እንዳይሠራ መከልከል ነው።

7. ማጠቃለያ

በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ ነገር በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ስለ ሆነ፣ ይህ ጽሑፍ ለማንም የሥራ መመሪያ አይሆንም። ጉዳዩ በተግባር የሚነካቸው አማርኛ ተናጋሪዎች ሥራው በሕግ በተፈቀደባቸው አገሮች፣ በተለይም በአሜሪካ የሚኖሩ ናቸው። እነርሱ መመሪያውን በእንግሊዝኛ ያነባሉ፤ ለወንድማቸው ወይም ለልጃቸው ሲያስረዱት ግን በአማርኛ ያስረዳሉ። በዚያች የማስረዳት ቅጽበት «ሙላው»፣ «ቅንጣት»፣ «ጥይቱን አስገባ» እና «ከሸፈ» የሚሉት ቃላት፣ እንግሊዝኛ በመቶ ዓመት ጉዳት የተማረውን ልዩነት ሊያጠፉት ይችላሉ።

የስያሜ ጥናት በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚታየው እንደ ቋንቋ ክብር ጉዳይ ነው፤ ባዕድ ቃል በአገርኛ ይተካ ወይስ አይተካ የሚለው ክርክር ይበዛበታል። ከላይ ያየናቸው ምሳሌዎች ጥያቄውን በሌላ መልክ ያቀርቡታል። «ግሬን» ባዕድ ሆኖ መቅረቱ ከ«ቅንጣት» ይሻላል፤ «አረር» ደግሞ ጥንታዊ ሆኖ ሳለ ከማንኛውም ባዕድ ቃል ይበልጣል። መለኪያው የቃሉ ትውልድ አይደለም፤ ሁለት ነገሮችን ለመለየት መቻሉ ነው። አበው «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ያሉት በሸንጎ ስለሚቆም ሰውና ስለ ልብስ ነው። ባሩድ በሚመዘንበት ጠረጴዛ ላይ ግን አነጋገርና አያያዝ አንድ ነገር ናቸው፤ «ሙላው» የተባለ እጅ ይሞላል፣ «መዝነው» የተባለ እጅ ይመዝናል።